ዘሬን ሳትቀይሪብኝ

የሩዝ ዘሩ እጄ የገባው በሻሽ ጥግ ተቋጥሮ ነው።

ግቢያችን ውስጥ አብራን የምትከራይ ልጅ አለች። እናቷ የሚኖሩት ጨዋቃ ነው፣ ከበደሌ አልፎ ባለው ቆላ። ከሐረርጌ በሰፈራ መጥተው እዚያ ጎጆ ከቀለሱ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አንድ ክረምት ለሕክምና ጅማ መጡና ልጃቸው ጋ ሦስት ሳምንት ሰነበቱ። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። ማታ ማታ ቡና አብረን እንጠጣለን። እኔ እማማ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ልጄ ይሉኛል።

አንድ ቀን ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። የላብራቶሪ ሥራ እንዴት እንደማስረዳቸው ጨነቀኝና «ዘር ጠርሙስ ውስጥ አበቅላለሁ» አልኳቸው።

«አፈር ሳይኖረው?»

«አፈር ሳይኖረው።»

ዝም ብለው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ተነስተው ከዕቃቸው መሃል ያልተፈተገ ሩዝ አወጡ። ለልጃቸው ካመጡት ጋር አብሮ የመጣ፣ ለዘር የሚሆን ነው። አሮጌ ሻሽ ጥግ ላይ ቋጥረው ሰጡኝ።

ስለዚያ ሩዝ የማያውቁት ነገር የለም። ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ነው። ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ሲጋገር እንጀራው ነጣ ብሎ ይወጣል። ገለባውን ከብቱ ይወደዋል። ረጅም ስለሆነ አረም አይውጠውም። ግን ዛላው ሲከብድ ይጋሽባል። ነፋስ የቀላቀለ አንድ ዝናብ ከመጣ ማሳው ሙሉ መሬት ላይ ይነጠፋል። የወደቀው እርጥቡ መሬት ላይ እንዳለ ይሻግታል፣ የተረፈውም ለማጨድ መከራ ነው። የግብርና ባለሙያ አንዴ አጭር ዝርያ አምጥቶላቸው ነበር። አልወደቀም። ግን ጣዕሙም ገለባውም አልተስማማቸውም። በሁለተኛው ዓመት ወደ ድሮው ተመለሱ።

«ዘሬን ሳትቀይሪብኝ መውደቁን ብቻ ልታስቀሪልኝ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«ይቻላል» አልኳቸው።

ቶሎ ነው የመለስኩት። በወረቀት ላይ ካየነው ልክ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜዬ ግን ያቺ አንድ ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ በመማር ነው ያለፈው።

ለምን «ይቻላል» እንዳልኩ ላስረዳ። የሩዝን መጋሸብ ዓለም አንዴ ፈትቶታል። ፊሊፒንስ ያለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1966 አይ-አር-8 የተባለውን አጭር ዝርያ አወጣ። የእስያ የሩዝ ማሳ ያኔ ነው መልኩ የተለወጠው። ቁመቱን ያሳጠረው ነገር የመጣው ዲ-ጂዮ-ዉ-ጄን ከሚባል የታይዋን ነባር ሩዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ምስጢሩ በጂን ደረጃ ታወቀ። ኤስ-ዲ-1 የሚባል አንድ ጂን ሥራውን አቁሞ ነው። ይህ ጂን ጂበረሊን የተባለውን አገዳ የሚያስረዝም ሆርሞን ለመሥራት ያግዛል። ጂኑ ሲጠፋ አገዳው ያጥራል፣ ዛላውንም ችሎ ይቆማል።

እንግዲህ የእማማን ሩዝ ከመውደቅ ለማዳን አንድ ጂን ማጥፋት ይበቃል። ጣዕሙ፣ ንጣቱ፣ የሚያብብበት ጊዜ፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቀመጣል። ክሪስፐር የሚባለው የጂን መቁረጫ ይህን ለመሥራት የተፈጠረ ያህል ነው። ጄኒፈር ዳውድና እና ኢማኑኤል ሻርፓንትዬ እ.ኤ.አ. በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ያገኙበት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ካሳላትን በመሳሰሉ ነባር የእስያ ሩዞች ላይ ኤስ-ዲ-1 በዚሁ መንገድ ተቆርጦ አጫጭር ተክሎች ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የእኛው ጤፍ ላይ ተሠራ። ጤፍ እንዴት እንደሚጋሽብ ለአገሬ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። አሜሪካ በሚገኘው የዳንፎርዝ ማዕከል የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያንኑ ጂን ጤፍ ውስጥ ቆርጠው የማይወድቅ ጤፍ አሳይተዋል። ያን ጽሑፍ ባነበብኩ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መንገዱ ይህ ብቻ አይደለም። በማዳቀልም ይሞከራል። የእማማን ሩዝ ከአጭር ዝርያ ጋር አዳቅለህ፣ ልጁን መልሰህ ከእማማ ሩዝ ጋር፣ እንደገና ከእማማ ሩዝ ጋር፣ እንዲህ ስድስት ጊዜ ብትመልሰው 99 በመቶ ያህሉ የእሳቸው ሩዝ ይሆናል። የሚናቅ መንገድ አይደለም። ሕንድ ውስጥ ኦዲሻ የተገኘ ኤፍ-አር-13-ኤ የሚባል ነባር ሩዝ ጎርፍ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ሰጥሞ ሳይሞት ይቆያል። ይህን የሚያስችለውን ጂን ስዋርና ወደሚባል ዝርያ ያሻገሩት በማዳቀል ነው፣ ጂኑን በዲ-ኤን-ኤ ምልክት እየተከታተሉ። ግን ዓመታት ይፈጃል። ደግሞም ከምትፈልገው ጂን ጋር ጎረቤቶቹ ተጎትተው ይመጣሉ። እማማ «አልተስማማኝም» ያሉት ጣዕም ከነዚያ ጎረቤቶች ጋር ይምጣ አይምጣ ማንም አያውቅም።

ታዲያ መቁረጫውም ጂኑም ከታወቀ ምን ቀረ? የቀረው መቁረጫውን ወደ ሴሉ ማስገባትና ያቺን አንድ ሴል መልሶ ሙሉ ተክል ማድረግ ነው። ክሪስፐር ጠርሙሱን አላስቀረልንም። ሰው ስለ መቀሱ ሲያወራ ስለ ጠርሙሱ የሚያወራ ጥቂት ነው። እኔ ግን የምኖረው እዚያ ነው።

ማስገቢያውን ተፈጥሮ ራሷ ነው የሠራችው። አግሮባክቴሪየም የሚባል የአፈር ባክቴሪያ አለ። ዛፍ ሲቆስል በቁስሉ ገብቶ ግንዱ ላይ እባጭ ያወጣል። እባጩን የሚያመጣው እሱ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1907 ታውቋል። እንዴት የሚለው ግን 70 ዓመት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሜሪ-ዴል ቺልተንና ባልደረቦቿ ባክቴሪያው የራሱን ዲ-ኤን-ኤ ቁራጭ ተክሉ ሴል ውስጥ እንደሚተክል አሳዩ። ከዚያ በኋላ የሳይንቲስቶች ሥራ የባክቴሪያውን ክፉ ጂኖች አውጥቶ በቦታቸው የሚፈልጉትን ማስጫን ሆነ።

ባክቴሪያው ቁስልን የሚያገኘው በማሽተት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብዙ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች ሲቆስሉ አሴቶሲሪንጎን የተባለ ኬሚካልና የመሰሉትን ይለቃሉ። እሱን ሲያገኝ ባክቴሪያው ይነቃል። ሩዝ፣ ስንዴ፣ በቆሎ የሣር ዘመዶች ናቸው፤ እንዲህ አይጠሩትም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ «አግሮባክቴሪየም ለእህል አይሆንም» ተብሎ ተትቶ ነበር። ሰዎች ጂኑን በወርቅ ብናኝ ላይ ለጥፈው በጠመንጃ ወደ ሴሉ እስከ መተኮስ ደርሰዋል። እውነቴን ነው። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ባሩድ ነበራቸው።

እ.ኤ.አ. በ1994 የጃፓን ትምባሆ ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ ዩኮ ሂዬይና ባልደረቦች፣ ነገሩን ቀየሩት። አሴቶሲሪንጎኑን ራሳቸው ጨመሩለት። ባክቴሪያውን ያገናኙት ደግሞ ከሩዝ ዘር ሽል ላይ ከበቀለ ለስላሳ እብጠት ጋር ነው። ካለስ እንለዋለን። በብዛት ሠራ። ዛሬም ዓለም የሚከተለው ያንኑ መንገድ ነው።

ግን የተሳካላቸው ሩዞች ጃፖኒካ የሚባለው የጃፓን ወገን ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው መሻሻል ሁሉ ማለት ይቻላል ኒፖንባሬንና ኪታኬን በመሳሰሉ ጥቂት ዝርያዎች ላይ ተሞክሮ ተስተካክሏል። ኢንዲካ የሚባለው ሰፊ ወገን፣ የአፍሪካ ነባር ሩዝ፣ የገበሬው የራሱ ዘር እንግዳ ሆኖ ቀረ። የሌላ ሰው ልክ ወስደህ ልብስ ብታሰፋ እንደማይሆንህ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ልግባ።

የእማማን ሩዝ አንድ በአንድ በጣቴ ፈለፈልኩ። በአልኮል አጠብኩ፣ በበረኪና ዘፈዘፍኩ፣ በንጹህ ውሃ ደጋግሜ አለቀለቅኩ። ከዚያ ምግባቸው ላይ አስቀመጥኳቸው። ምግቡ ጨው፣ ቫይታሚን፣ ስኳርና የሚያረጋው ነገር ያለው ነው፤ እኛ ሚዲያ እንለዋለን። ካለስ እንዲያወጣ የሚያደርገው ግን አንድ ሆርሞን ነው። ቱፎርዲ። አዎ፣ ያው የአረም መድኃኒቱ። ገበሬ ስንዴና ጤፍ መሃል ያለ ሰፋፊ ቅጠል አረም የሚያቃጥልበት። በአንድ ሊትር 2 ሚሊግራም ብቻ ሲጨመር የሩዝ ሽል «ልብቀል» የሚለውን ትቶ ዝም ብሎ ያብጣል። ለእማማ ስነግራቸው ሳቁ። ቱፎርዲን በስሙ ያውቁታል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሻጋታ በላው። ከማሳ የመጣ ዘር እንደ ላብራቶሪ ዘር አይደለም፣ ገለባው ውስጥ የራሱ ዓለም አለው። የጅማ ክረምት ደግሞ ሻጋታን ያውቀዋል፤ ቤት ያለ ጫማ እንኳ በሳምንት ይሸብታል። በረኪናውን አጠነከርኩ፤ ሽሉ ሞተ። አቀለልኩ፤ ሻጋታው ተመለሰ። መሃሉን ለማግኘት ክረምቱ አለቀ።

ሁለተኛው ችግር ቡናማነት ነው። ካለሱ መጣ። ደስ የሚል፣ ቢጫ ወደ ነጭ የሚመታ፣ ጥቃቅን ጉብታ ያለው። በአራተኛው ሳምንት ጠርዙ መጥቆር ጀመረ። በአምስተኛው ሁሉም ጠቆረ። አቮካዶ ቆርጠህ ስታስቀምጥ የሚሆነውን ታውቃለህ። ጅማ ውስጥ ለጭማቂ የቀረበ አቮካዶ ሎሚ ካልተጨመቀበት ሰዓት አይቆይም። ካለሱም እንደዚያው ነው። ሴሎቹ ሲጨነቁ ፌኖል የሚባሉ ነገሮች ያወጣሉ፣ አየር ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ፣ የጠቆረው ደግሞ ጎረቤቱን ይገድላል። ለማነጻጸር አጠገባቸው ያስቀመጥኩት ጃፖኒካ ምንም አልሆነም። አንድ መደርደሪያ ላይ፣ አንድ ምግብ እየበላ።

መብራት በሄደ ቁጥር ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ለጃፖኒካው ግድ የለውም። ለእማማ ሩዝ ግን እያንዳንዷ ቅዝቃዜ ትቆጠራለች።

ውጤቴን ይዤ አንድ የምጠይቀው ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ጥሩ ሰው ነው፣ ብዙ አስተምሮኛል። ሥዕሎቹን አየና «ዘሩን ቀይሪ» አለኝ። «በሚሠራው ዘር ሥሪ፣ ወረቀትሽን ጨርሺ።» ክፉ ብሎ አልነበረም። ገንዘቡም ጊዜውም እንደሌለ ያውቃል። የመማሪያ መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። ግን ስመለስ የአውቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። እማማ ያሉኝ «ሳትቀይሪብኝ» ነበር። አሁን የምሰማው «ቀይሪ» ነው። የማን ልፋት ይቅለል ብለን ነው የማን ዘር የሚቀየረው?

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት አቋም ይህ ነው። ዘዴው ነው ወደ ዘሩ መሄድ ያለበት። ይህን የምለው ለእማማ ብቻ አዝኜ አይደለም።

ከላይ በስሙ ብቻ ያለፍኩት ካሳላት፣ ከህንድ ክፍለ አህጉር የመጣ ነባር ሩዝ ነው። ፎስፈረስ የተባለው የተክል ምግብ ባነሰው አፈር ላይ ይበቅላል። ተመራማሪዎች ለምን እንደሆነ ለዓመታት ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ያገኙትን አሳተሙ። ፒስቶል-1 የሚባል ጂን ነው፣ ሥሩ ገና ከመጀመሪያው እንዲጠነክር ያደርጋል። ነገሩ የዘገየበት አንዱ ምክንያት ይገርማል። የዓለም ሳይንስ የሩዝ መዝገብ አድርጎ የያዘው የኒፖንባሬን ዲ-ኤን-ኤ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ተነቦ ያለቀው። ያ ጂን ኒፖንባሬ ውስጥ ጨርሶ የለም። መዝገቡ ላይ ያልሰፈረ ነገር መዝገብ በማገላበጥ አይገኝም።

እኔ ይህን ያነበብኩት እግሬ ላይ ቀይ ጭቃ ይዤ ነው። የጅማና የኢሉባቦር ቀይ አፈር ጎምዛዛ ነው። ፎስፈረሱን አንቆ ይይዘዋል። ገበሬው ማዳበሪያ ይጨምራል፣ አፈሩ ይውጠዋል፣ ተክሉ ይራባል። ለዚህ ነው ኖራ ጨምሩ የሚባለው። እዚህ አፈር ላይ 20 ዓመት ተመርጦ ተመርጦ የተዘራ ሩዝ ውስጥ ምን ተቀምጦ ይሆን? ይህን የምናውቀው እሱኑ ራሱን መርምረን፣ በእሱው ውስጥ ጂን አጥፍተንና መልሰን አይተን ነው። ለዚያ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ እሺ ማለት አለበት።

የጅማ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ሲገባ መልሱ የተገኘው ከገበሬው ጓሮና ከጫካው ነው። ባለሙያዎች ዛፍ በዛፍ እየዞሩ ያልታመመውን መረጡ። ዛሬ 74110 ወይም 74112 እያልን በቁጥር የምንጠራቸው ቡናዎች ያኔ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ የተመረጡ ናቸው።  ሩዝ እርግጥ ለአገራችን ገና ነው፣ ግማሽ ክፍለ ዘመን ያህሉ ነው። ግን ፎገራ ላይ ኤክስ-ጅግናን እዩ። ከውጭ የገባ ሩዝ ነው፤ ገበሬው ወዶት፣ ለዓመታት ራሱ እያቆየው የራሱ አድርጎታል። አዲስ ዝርያ ሲመጣለትም እሱን አይጥልም። ነባርነት በዕድሜ ብቻ አይለካም።

እሺ፣ ዘዴው እንዴት ይሻሻላል? የሠራልኝንና በሌሎች እጅ እንደሠራ የማውቀውን ላካፍል። ጠርሙስ ላይ ያላችሁ ወጣቶች ብታነቡት ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ፣ ካለሱን አታስረጁት። እኔ አምስት ሳምንት መጠበቄ ስህተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሴኢቺ ቶኪና ባልደረቦቹ በጃፓን፣ ዘሩ ሚዲያ ላይ ከተቀመጠ ገና በቀናት ውስጥ ከባክቴሪያው ጋር አገናኝተው ጊዜውን በጣም አሳጠሩት። ወጣት ሴል ይቀበላል፣ ያረጀ ይኮራል። ጠርሙስ ውስጥ ብዙ የቆየ ካለስ ደግሞ ዲ-ኤን-ኤው ላይ ስህተት ያጠራቅማል። የሚወጣው ተክል አንዳንዴ መካን ይሆናል፣ አንዳንዴም ነጭ። አረንጓዴ የሌለው፣ እንደ ወረቀት የነጣ ተክል አይቼ አውቃለሁ። ያምራል፣ ግን ከጠርሙሱ ሲወጣ ይሞታል።

ሁለተኛ፣ ስኳሩ። ተራውን ስኳር ትቼ ማልቶስ አደረግኩ። የብቅል ስኳር ነው፣ እህል ሲበቅል ራሱ የሚሠራው። ቀስ እያለ ነው የሚፈታው፤ ለኢንዲካ ሩዞች እንደሚሻል ብዙዎች አይተዋል። መጥቆሩ ሙሉ በሙሉ ባይቀርም ዘገየ። የጠላ ብቅል ስታሰጣ ያደገች ልጅ ይህን ቀድማ ማሰብ ነበረባት።

ሦስተኛው የምወደው ነው። ካለሱን ወደ ተክል ማውጫው ምግብ ከማዛወሬ በፊት ደረቅ የማጣሪያ ወረቀት ላይ አንድ ሁለት ቀን አስጠማዋለሁ። ውሃ ሲያጣ ይነቃል። ለምን እንደሆነ ስጠየቅ የቡናን አበባ አነሳለሁ። ቡና በጋውን ደርቆ፣ ተጨንቆ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ከነካው ከቀናት በኋላ ነው በአንድ ሌሊት ነጭ የሚለብሰው። ሳይንሱ አንድ ነው አልልም። ግን ይህን አገር ያየ ሰው ጥማት መቀስቀሻ እንደሚሆን ለማመን አይቸገርም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን እሸቱ ነው። ደረቅ ዘርን ትቶ ገና ወተት ላይ ካለ ፍሬ ሽሉን ማውጣት። ካበበ ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚወሰደው። ሽሉ ያኔ በዓይን የምትታይ ነጭ ነጥብ ናት። እንቢተኛ የሚባሉት ኢንዲካዎች በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። ችግሩ እሸት ገበያ አይሸጥም። ተክሉን ማብቀል ያስፈልጋል። ጄሪካን ቆርጬ፣ ጭቃ ሞልቼ፣ ግቢያችን ውስጥ የእማማን ሩዝ ዘራሁ። አደገ፣ አበበ፣ ዛላው ባዶ ሆነ። ጅማ 1700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ጨዋቃ ቆላ ነው። ሩዝ ዛላ ሊያወጣ ሲል ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ፍሬ አይዝም። ልጃቸው አይታ «እናቴ እንዳትሰማ» አለችኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ፕላስቲክ ጎጆ ሠራንለት። እሷም ጠዋት ጠዋት ገለጥ አድርጋ ታጠጣልኛለች። ያኔ ያዘ።

እናት ተክሉ ጤነኛ ካልሆነ ሽሉም አይሆንም። ይህ በየትኛውም የአሠራር መመሪያ ላይ በአንድ መስመር ተጽፎ ይታለፋል። ለእኔ የሥራው ግማሽ እሱ ነው። ጎበዝ የላብራቶሪ ሰው ለመሆን መጀመሪያ ደህና ሩዝ ማብቀል አለብህ።

ሌላም ተስፋ አለ። ሴል ተክል እንዲሆን የሚያዙ ጂኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ቤቢ ቡምና ዉሼል የተባሉትን አብሮ በማስገባት እንቢ ይሉ የነበሩ በቆሎዎች፣ ማሽላ፣ ሸንኮራ አገዳና ኢንዲካ ሩዝ ተክል እንዲያወጡ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በዴቪስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጂ-አር-ኤፍ-4 እና ጂፍ-1 የተባሉትን አጣምረው ስንዴና ሩዝን ጨምሮ የብዙ ተክልን የማንሰራራት አቅም ከፍ አደረጉ። ትልቅ ነገር ነው። ግን እነዚህም ጂኖች ሴሉ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ሴሉም እስኪገቡ በሕይወት መቆየት አለበት። ሻጋታውን፣ መጥቆሩን፣ ብርዱን ማንም አይሠራልንም።

እኔ እስካሁን ጂን አላስገባሁም። ይህ ግልጽ ይሁን። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. የወጣ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 655። በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። እንዲህ ያለ ሥራ ፈቃድ ይጠይቃል፣ መጠየቁም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ያለሁት ከዚያ በፊት ባለው ደጅ ላይ ነው፦ የእማማ ሩዝ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ሙሉ ተክል ሆኖ እንዲወጣ። ይህ ከሆነ ሌላው ይከተላል። የመቁረጫው ጂን ራሱ በኋላ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ገብቶ ከሆነ፣ ተክሉ ራሱን ሲያዳቅል ከአራት ልጆች አንዱ ያህል መቁረጫውን ሳይወርስ ይወለዳል፤ የተቆረጠው ኤስ-ዲ-1 ብቻ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ለእማማ ነግሬያቸዋለሁ። ጂን ሳይሆን «ቁመት የሚያዝ ነገር» እያልኩ። ሁለት ጥያቄ ነበራቸው። «ሌላ ሰው ይወስድብኛል?» እና «ከሠራሽው በኋላ እኔ ራሴ መልሼ ልዘራው እችላለሁ?» ለሁለተኛው አዎ አልኩ፣ ዘሩ ዘር ሆኖ ይቀጥላል። ለመጀመሪያው የሰጠሁት መልስ ዘሩ ከየት እንደመጣ በየማስታወሻዬ እንደምጽፍ ነው። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ «ጨዋቃ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ብቻውን እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ የገበሬን መብት የሚያስጠብቅ ውል በጽሑፍ ያስፈልጋል። ፈቃዱን ስጠይቅ አብሬ የማቀርበው እሱን ነው።

ባለፈው ለቀጠሮ ጅማ ሲመጡ ላብራቶሪው ደጅ ድረስ ልጃቸው ይዛቸው መጣች። እንግዳ ወደ ውስጥ አይገባም። ክዳኑን ሳልከፍት አንድ ጠርሙስ ወደ መስኮቱ አመጣሁላቸው። ውስጡ ቢጫ ካለስ አለ፣ አንድ ጎኑ ጠቆር ያለ። ከጉብታው ጫፍ ላይ ሦስት ቅጠል ወጥቷል፣ የጥፍር ያህል፣ አረንጓዴ። እማማ መነጽራቸውን አውጥተው ብዙ አዩት። ጠርሙሱን በመስታወቱ በኩል በጣታቸው ተከተሉት።

«የኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ እማማ።»

«ሥሩስ?»

«ሥር ገና አላወጣም። ማክሰኞ ወደ ሌላ ምግብ አዛውረዋለሁ፣ እዚያ ነው የሚያወጣው።»

«ማክሰኞ ደውዪልኝ» አሉ።